አለቀልን

ሶፋ ሠሪው ምስማር የሚያስቀምጠው አፉ ውስጥ ነው። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ በመጨረሻም ይለምደዋል። ትንንሹን ምስማር ጉንጩ ውስጥ ከትቶ፣ በምላሱ አንድ አንዱን ወደ ከንፈሩ እየገፋ፣ በግራ እጁ ጨርቁን ወጥሮ፣ ማግኔት ባለው መዶሻ ጫፍ ከከንፈሩ እየተቀበለ ይመታል። ሁለት እጅ ብቻ ላለው ሰው ሌላ መላ የለውም። ሰፈሩ «ምስማሩ» የሚለውም ለዚህ ነው። አብሮት የሚሠራው አናጺ ግን ሌላ ምክንያት አለው። «አፉ ውስጥ ምስማር ስላለ ብቻ መሰላችሁ? ተፍቶትም ሲናገር ያው ይወጋል» ይላል።

አፉን ምስማር የሞላው ሰው ማፏጨት አይችልም፤ መዝፈንም አይችልም። የሚችለው ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫውና በደረቱ ማንጎራጎር ነው። ምስማሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲያንጎራጉር ኖሯል፤ የሚያንጎራጉረው ግን የሬዲዮ ዘፈን አልነበረም። ሶፋ ሊያሳድሱ የመጡ ደንበኞች ጆሯቸውን ጥለው ያዳምጡና «የማን ዘፈን ነው?» ይሉታል። እሱ ምስማር ጎርሷልና ቅንድቡን ብቻ ያነሳል። አናጺው ከጥግ ሆኖ ይመልስለታል፦ «የግድግዳ ዘፈን ነው።»

እውነቱን ነው። ቤቱና ሥራ ቤቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በመንገዱ በኩል ስፖንጅ፣ ጆንያና ሞላ የተከመረበት፣ ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸተው ሥራ ቤት፤ ከኋላ ሁለት ክፍልና ወጥ ቤት። የልጆቹን ክፍል ከሥራ ቤቱ የሚለየው ምስማሩ ራሱ የመታው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ ሳል ያልፋል፣ ሹክሹክታ ያልፋል፤ ዜማማ እንዴት አያልፍ?

የሚስቱ ወንድም መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ለልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጨዋታ ማሽን ይዞላቸው መጣ፤ ከማሽኑም ጋር አንድ ጨዋታ። ልጆቹ «ጉዞው» ይሉታል። አንድ ወጣትና ጓደኞቹ ከመንደራቸው ወጥተው፣ ዓለምን ሊያጠፋ የተነሣ ክፉ ጌታን ፍለጋ አገር ላገር ይዞራሉ፤ እያደር ይጠነክራሉ፣ ሰይፍ ይቀይራሉ፣ ሰው ይተዋወቃሉ፣ ሰው ይሞትባቸዋል። ጨዋታው በአንድ አላበቃም። መርከበኛው በተመለሰ ቁጥር ሌላ ክፍል ያመጣል፤ ሁለተኛው ጉዞ፣ ሦስተኛው ጉዞ እያለ ቀጠለ። ወጣቱ ይቀየራል፣ አገሩ ይቀየራል፤ ከዜማዎቹ አንዳንዶቹ ግን ልብስ ለውጠው ይመለሳሉ። በመጀመሪያው በዋሽንት የነበረው በሦስተኛው በክር መሣሪያ ይመጣል። ይህን ከልጆቹ ቀድሞ ያወቀው ምስማሩ ነው።

ማሽኑን ግን ጠልቶታል። ገና በገባ ሰሞን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «እኔ እዚህ ሳጥን ፊት ቁጭ ብዬ ካያችሁኝ ስሜን ቀይሩት» ብሎ ማለ። ምስማሩ ደግሞ ከማለ ማለ ነው። ልጆቹ አድገው እስኪወጡ አንድም ቀን ስክሪኑን አላየም። ዜማውን ግን ከግድግዳው ማዶ ሆኖ እስከ ልቡ ወደደው። ሥዕሉን ስላላየ ለየዜማው በገዛ ራሱ ስም አወጣለት። አንዱን «ገበያው» አለው፣ አንዱን «ጀልባው»፣ አንዱን «ዝናብ ያባራ ለታ»። አናጺው ደስ ካለው «እስቲ ጀልባውን» ብሎ ያዘዋል፤ ምስማሩም መዶሻውን እንደ መቅዘፊያ እያወዛወዘ ያንጎራጉርለታል።

ከሁሉ የሚበልጥበት ግን አንድ ነበር። በየጉዞው የማይቀር፣ ዝግ ያለ ዜማ። ደረጃ ወርዶ ወርዶ፣ መጨረሻው ላይ ሊደርስ ሲል ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ላይ እንደሚመለስ ሰው ዓይነት። ይወርዳል፣ ይመለሳል፤ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ይህን ዜማ ምስማሩ «አለቀልን» ነበር የሚለው።

ይህ ስም እንዲያው የመጣ አይደለም። በሥራ ቤቱ ሶፋ ሲጠናቀቅ፣ የመጨረሻው ምስማር ሲገባ፣ ምስማሩና አናጺው የሶፋውን ጀርባ በመዳፋቸው መታ አድርገው «አለቀልን!» ይላሉ። ከዚያ ቃል በኋላ እጅ መታጠብ ነው፣ ወገብ ማቃናት ነው፣ ሻይ ነው። ታዲያ ምስማሩ ረጅም ጨርቅ ይዞ ሁለት እጁ አልበቃ ሲለው ግድግዳውን በመዶሻው ደጋግሞ ይመታል፤ ወንድ ልጁን መጥራቱ ነው። መዶሻው ሲያርፍ ከማዶ የትንሿ ሴት ልጁ ድምፅ «አለቀልን!» ብሎ ይጮኻል። ወዲያው ያ ዝግ ያለ ዜማ ይጀምራል። ልጁ በጓሮ ዞሮ በሥራ ቤቱ በር ብቅ ይላል። የጨርቁን ጫፍ ይይዛል። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ጨርቅ ይወጥራሉ፤ አባትየው አፉ ሙሉ ነውና በቅንድቡ «ሳብ»፣ በአገጩ «ላላ አድርግ» ይላል፤ ከግድግዳው ማዶ ዜማው ይወርዳል፣ ይመለሳል። ልጁ እስኪሄድ ድረስ ዜማው አይቆምም።

ምስማሩም «ልጄ ጨዋታውን ጨርሶ ነው የሚመጣው፤ ይህም የመጨረሻው ዜማ ነው» ብሎ አመነ። ያለቀ ነገር ዜማ ለምን አያልቅም ብሎ ግን አንድም ቀን አላሰበም። በሕይወቱ ከልጁ ጋር የቆመባቸው ጥሩ ሰዓቶች ሁሉ ያ ዜማ ነበረባቸው። ለምን እንደሚወደው ቢጠይቁት «ጥሩ ዜማ ነው» ይል ነበር።

ልጁ ጎረመሰ። ሥራ ቤቱን እንዲይዝ አባቱ ፈለገ፤ እሱ ደግሞ ወደ ኮምፒዩተሩ አደላ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምስማሩ «ጠቅ ጠቅ አድርጎ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው አላየሁም» አለ።

ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠና «ቋ ቋ ተደርጎ የተዳደረውንም ቤተሰብ አይቻለሁ» አለ።

እናትየው ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አቃታት። ምስማሩ ስድቡን ይቅር ባለ ነበር፤ ሚስቱ መሳቋን ግን ይቅር አላለም። በዚያው ሳምንት ልጁ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ከጓደኛው ጋር የኮምፒዩተር ጥገና ከፈተ፣ አገባ፣ ሰው ሆነ ተባለ። ለአባቱ በበዓል በበዓል ይደውላል፤ «ደህና ነዎት አባባ?» «ደህና ነኝ። አንተስ?» «ደህና ነኝ።» ከዚያ ስልኩ ወደ እናትየው ይዞራል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ ጓደኛው ካደው፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ሚስቱም ጥላው ወደ ወላጆቿ ገባች። ወሬ ክንፍ አለው፤ ልጁ ለእናቱ ሳይነግራት ሰፈሩ ቀድሞ ሰማ።

የምስማሩ ሴት ልጅ ሠርግ የተቆረጠው በዚህ መሀል ነው። የምስማሩ ሚስት ስልኳን ዘግታ ወደ ሥራ ቤቱ መጣችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይመጣል» አለችው።

ምስማሩ ምስማሩን መዳፉ ላይ ተፋ። «እንግዲህ ለእህቱ ሠርግ ካልመጣ ለምን ሊመጣ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ እንጂ። ቤቱን ለቋል። ሻንጣውን በሙሉ ይዞ ነው የሚመጣው። የት እንደሚገባ አያውቅም።»

ሚስቱ ስትወጣ ምስማሩ ቆሞ የሥራ ቤቱን ጥግ አየ። በነጋታው የተከመረውን አሮጌ ስፖንጅ አወጣ፣ ጥጉን ጠረገ፣ ከአናጺው ጋር አዲስ የሥራ ጠረጴዛ አቆመ። ልጁ ቁመቱ ከሱ ይረዝማል፤ ጠረጴዛውን ከፍ አደረገው። ልጁ ግራኝ ነው፤ የመዶሻውን፣ የመቀሱን፣ የጉጠቱን መስቀያ ሁሉ በግራ በኩል መታው። አናጺው ዝም ብሎ ሲያይ ቆይቶ «ይሄ ጠረጴዛ ለማን ነው? አንተ እንደሆን ግራኝ አይደለህ» አለው።

«ለማን ሊሆን ነው?»

«ንገረዋ ታዲያ። 'ና፣ አብረን እንሥራ' በለው። ሦስት ቃል እኮ ነው።»

«እነግረዋለሁ።»

«በምን? በቅንድብህ?»

ምስማሩ ተናደደ፤ የተናደደውም አናጺው ልክ ስለሆነ ነው። «ና» ማለት ለሌላው ሰው ቃል ነው፤ ለሱ ግን አፉ ውስጥ የሚቀር ምስማር ነበር። ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ጨርቅ እየቀደደ ሳለ፣ መላው መጣለት። ዜማው ይናገርለታል። ልጁ በሠርጉ አዳራሽ በር ሲገባ ያን ዜማ ቢሰማ፣ ያኔ ጨርቅ ይዘው የቆሙትን ሁሉ ያስታውሳል። «አለቀልን፣ ና እጅህን ታጠብ፣ ወገብህን አቃና» ብሎ አባቱ እንደጠራው ይገባዋል። የምስማሩ ተስፋ ሁሉ በዚህ ላይ ሆነ።

ለሠርጉ የተቀጠረው ኪቦርድ ተጫዋች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይለማመዳል። ምስማሩ የክት ኮቱን ለብሶ ሄደ።

«አንድ ዜማ እንድትመታልኝ ነው» አለው።

«ችግር የለም አባቴ። ስልክዎ ላይ አለ?»

«የለም። ደረቴ ላይ ነው።»

ኪቦርድ ተጫዋቹ ፈገግ ብሎ «እንግዲያው ያውጡት» አለ። ምስማሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። አልሆነም። ዜማው ተንሸራቶ ሌላ ቦታ ገባ። ደግሞ ሞከረ፤ ባሰ። ላብ አጠመቀው። ኋላ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና እፍኝ ምስማር አውጥቶ አፉ ውስጥ ጨመረ።

«ኧረ አባቴ! ምን ሆነው ነው?» ወጣቱ ከወንበሩ ዘለለ።

ምስማሩ በእጁ «ተቀመጥ» አለው፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ዜማው አንዲት ሳትጎድል ወረደ፣ ተመለሰ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶች በቀስታ ተከተሉ። ሲጨርሱ «የት ነው የሰሙት? ደስ የሚል ነገር ነው፤ ትንሽ ያሳዝናል እንጂ» አለ።

ምስማሩ ምስማሩን ወደ መዳፉ መለሰ። «አያሳዝንም። ሥራ ሲያልቅ የሚመታ ነው። ልጄ በበሩ ሲገባ ትጀምራለህ፤ እስኪቀመጥ እንዳታቆም።»

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽሮቹ የተቀመጡባቸውን ሁለት ወንበሮች ምስማሩ ራሱ ነው ያለበሳቸው፤ እንግዳ ሁሉ እየዳሰሰ ያደንቅ ነበር። የልጁ አውቶቡስ ዘግይቶ ነበርና ምሳው ከተነሣ በኋላ፣ አዳራሹ ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ በር ላይ የቆመው አናጺ መሐረቡን አውለበለበ። ምስማሩ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ራሱን ነቀነቀ። ዘፈኑ ተቋረጠ። ያ ዝግ ያለ ዜማ በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ ወረደ።

ልጁ በሩ ላይ ብቅ አለ። ከስቷል። ሻንጣው በእጁ ነው፣ ሌላ ቦርሳ በጀርባው።

በመጀመሪያ የሳቀው የአናጺው ልጅ ነው። ድሮ በዚያች ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉዞውን ሲያይ ያደገ፣ አሁን የጭነት መኪና የሚነዳ ሰውዬ ነው። ዜማውን እንደሰማ ሳያስበው፣ ልጅ ሳለ እንደለመደው፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «አለቀልን!» ብሎ ጮኸ። በሠርጉ ያሉ የዚያ ዘመን ልጆች ሁሉ፣ ያንኑ ጨዋታ በየቤታቸው የተጫወቱት፣ በሳቅ ፈረሱ። «አለቀልን! አለቀልን!» እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። አንዱማ ወንበሩ ላይ እንደ ሞተ ሰው ተዘረረ።

ምስማሩ ሳቁን እንደ ደስታ ቆጠረው። በዕድሜው ያላሳየውን ጥርሱን አሳይቶ ከመቀመጫው ተነሣ። ልጁ ግን በሩ ላይ ክው ብሎ ቀረ። ዙሪያውን አየ። የሚስቁትን አየ፣ ድምፅ ማጉያውን አየ፣ ሻንጣውን አየ። ከዚያ በሳቁ መሀል አቋርጦ መጥቶ አባቱ ፊት ቆመ።

«ይሄን ያስመቱት እርስዎ ነዎት አባባ?»

«እኔ ነኝ» አለ ምስማሩ ኮራ ብሎ። «ላንተ ነው።»

«ለኔ?»

«ለማን ይሆናል ታዲያ? አንተ ስትገባ ይመታ ያልኩት እኔ ነኝ። ከሁሉ ይልቅ ላንተ ይሄ ነው የሚገባህ።»

ልጁ ሻንጣውን አጥብቆ ያዘ። «ገባኝ» አለ። «ለብቻዬ ሊሉኝ ይችሉ ነበር እኮ። ስልክ ነበር። ሰው ሁሉ ፊት ግን...» ቃሉን ሳይጨርስ ዞረ። እህቱን ሳማት፤ እሷ ፊቷ እንደ ቀሚሷ ነጭ ሆኗል፣ እጁን ይዛ ልታስቀረው ታግላለች። እናቱን ሳማት። ኪቦርድ ተጫዋቹ «እስኪቀመጥ እንዳታቆም» ተብሏልና ልጁ ደግሞ አልተቀመጠምና፣ ዜማው ሻንጣው በበሩ እስኪወጣ ድረስ ተመታ።

ምስማሩ ቆሞ ቀረ። ይከተለው ነበር፤ ግን «እንኳን መጣህ ላልኩት እንዲህ ከመለሰልኝ የሱ ነገር በቃኝ» አለ በልቡ። ኩራቱ እግሩን ያዘው። የማታው አውቶቡስ ልጁን ይዞት ሄደ።

ሴት ልጁ ዕቃዋን ልትወስድ ከሠርጉ በኋላ መጣች። አባቷ ሥራ ቤት ነበር፤ ምስማር ጎርሷል፤ አያንጎራጉርም። ስፖንጁ ላይ ተቀመጠችና «አባባ፣ ያን ዜማ ለምን አስመቱበት?» አለችው።

ምስማሩን ተፋ። «ምን ሆነ ዜማው? 'አለቀልን' አይደለም እንዴ? አንቺ አይደለሽም ስትጮኺው የኖርሽው?»

«አዎ፣ 'አለቀልን!' እል ነበር።»

«ታዲያስ! ጨዋታው ሲያልቅ...»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ፣ «አባባ» አለች፣ «የርስዎና የአናጺው 'አለቀልን' አይደለም እኮ። 'ሞትን፣ ጠፋን' ማለቴ ነው። ያ ዜማ የሚመጣው የጉዞው ሰዎች ሁሉ ተሸንፈው ሲወድቁ ነው።»

መዶሻው እጁ ላይ ቀረ። «ሁልጊዜ? ስጠራው ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር ማለት ነው?»

«ስለጠሩት ነዋ። ውጊያ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። እርስዎ ግድግዳውን ሲመቱ እሱ ወዲያው ጥሎ መነሣት አለበት፤ ቢዘገይ ምን እንደሚሉት ያውቃል። እኔ ገና ትንሽ ነኝ፣ መጫወት አልችልም። ጠላት አይጠብቅም። ተቀምጬ ሲሞቱ አያለሁ። ከዚያ ዜማው ይጀምርና፣ 'ትቀጥላለህ?' ብሎ ይጠይቃል፤ ሰው መጥቶ እስኪመልስለት ድረስ ያንኑ እየደጋገመ ይጠብቃል። እሱ ግን እርስዎ ጋ ጨርቅ ይዟል።»

ምስማሩ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። መዶሻው ዓመታት ሙሉ የመታው ቦታ ጎድጉዶ ይታያል።

«ጀልባውስ?» አለ በመጨረሻ።

«የቱ ጀልባ?»

እንደምንም አንጎራጎረላት። ልጅቷ ዕንባዋ መጥቶ ሳቀች። «እሱ እስር ቤት ነው አባባ።»

«ገበያውስ?» ብሎ ደግሞ አንጎራጎረ።

«የሌቦች ዋሻ።»

«በቃ ተይው» አላት።

ልጅቷ ለወንድሟ ደውላ ሁሉን አስረዳችው። ከዚያም በኋላ ምስማሩ ራሱ ለመደወል ወሰነ። ስልኩን ይዞ በአዲሱ ጠረጴዛ ጥግ ቆመ፤ ግድግዳውን እያየ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና ነኝ።»

በዚህ ቦታ ስልኩ ወደ እናትየው ይዞር ነበር። ዛሬ እናትየው አጠገቡ አልነበረችም።

«ስለዚያ ዜማ» አለ ምስማሩ፣ «እኔ የመሰለኝ...»

«ነግራኛለች። አላወቁም። ይገባኛል።»

«እንግዲያው ተረዳህልኝ።»

«ተረዳሁ። ምን ዋጋ አለው? ሳያውቁ ያስመቱትም ልክ ነው። ያን ቀን በበሩ የገባው ሰው ያለቀለት ሰው ነው። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የሳቁትም ለዚህ ነው።» ከዚያ ቀጠለ። «እዚህ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ጎን ለጎን ሣጥን የሚያሽጉ ሰዎች አሉ። የሆነ ሰው ምስማር ሲመታ፣ አባባ፣ እስካሁን የያዝኩትን ጥዬ እነሣለሁ። ይስቁብኛል። ወዴት እንደምሄድ እኔም አላውቅም፤ ብቻ እነሣለሁ።»

ምስማሩ አፉን ከፈተ። ሦስቱ ቃላት እዚያው ነበሩ። ጠረጴዛው እዚያ ነው፣ መስቀያዎቹ በግራ ናቸው። አፉ ውስጥ አንድም ምስማር አልነበረም፤ ምክንያት የሚሆነው ነገር የለም።

«ጨርቅ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ» አለ።

«ሰው ይቅጠሩ አባባ» አለ ልጁ፣ ያለ ቁጣ። «እማዬ አለች?»

«የለችም።»

«ሰላም በሉልኝ።»

ከዚያ ወዲህ በሥራ ቤቱ ዜማ የለም። አናጺው በመጀመሪያ ሰሞን «ምነው፣ ሬዲዮህ ተበላሸ?» ይለው ነበር፤ አሁን ትቶታል። አዲሱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን የቀለም ቆርቆሮ አስቀመጠበት፤ ምስማሩ ምንም እንዳላለው ሲያይ ሌላም ጨመረ። በግራ በኩል ያሉት መስቀያዎች ላይ የሥራ ልብሱን ይሰቅላል።

ማሽኑ ከአልጋ ሥር፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ ተገኘ። ሴት ልጁ ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ሰካችለት፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ አሳየችው። ሚስቱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አባወራዋ ሳጥኑ ፊት ወንበር ስቦ ሲቀመጥ አየች። «አይ አንተ! እንግዲህ ማን ብዬ ልጥራህ?» አለችው። ቀልዷ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ተመልሳ ገባች።

የሚፈልገውን ለሴት ልጁ ነግሯታል። በጉዞው መጨረሻ፣ ክፉው ጌታ ሲሸነፍና ወጣቱ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚመጣ አንድ ዜማ እንዳለ ሰምቷል። በግድግዳው በኩል ያን ዜማ ሰምቶት አያውቅም። ልጁ አንድም ጉዞ ጨርሶ ስለማያውቅ ነው። ምስማሩ ያን ዜማ ራሱ ደርሶበት ሊሰማው ፈለገ። ልጅቷ «ስልኬ ላይ ላሰማዎት እችላለሁ እኮ» ብትለው እምቢ አለ።

አልደረሰበትም። መዶሻ ያደነደነው ጣቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይጫናል። ወጣቱ ከመንደሩ ይወጣል፣ የመጀመሪያውን ድልድይ ሊሻገር ይሞክራል፤ እዚያው ድልድይ ላይ፣ ውሻ በሚያህል ነገር ተነክሶ ይወድቃል። ስክሪኑ ይጨልማል። ዜማው ይጀምራል። በማይረዳው ፊደል ጥያቄው ይመጣል፤ ልጅቷ አስተምራዋለች፦ የላይኛው «እቀጥላለሁ» ነው፣ የታችኛው «በቃኝ»።

ከሥራ መልስ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ምስማሩ እዚያች ክፍል ይገባል። ይሸነፋል። አሁን አሁን ግን ከሁለቱ አንዱንም አይጫንም። መልስ እስካልሰጡት ድረስ ዜማው አይቆምምና፣ እጆቹን ጨርቅ እንደሚይዝ ሰው ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። ዜማው ይወርዳል፣ ይመለሳል።

«ኧረ በናትህ ዝጋው፤ ራሴን አዞረኝ!» ትላለች ሚስቱ ከወጥ ቤት።

«ትንሽ ይቆይ» ይላታል።